ለሐሩር ክልል የብስክሌት ጉዞ ሻንጣ ሳዘጋጅ የተሳሳትኩትና ያረምኩት

በመጀመሪያው ጉዞዬ ሁለተኛ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ የዝናብ ጃኬት ነበረኝ፤ ነገር ግን ጃኬቱ ሻንጣዬ ውስጥ፣ ሻንጣዬ አጃቢው መኪና ላይ፣ መኪናው ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቀድሞን የዚያን ዕለት ማደሪያችን ደጃፍ ላይ ነበር። በማልያዬ የኋላ ኪስ ይዤው የነበረው ፓስፖርት በዝናቡና በላቤ ርሶ ገጾቹ እርስ በርሳቸው ተጣበቁ፤ ማታ ማራገቢያ ፊት ዘርግቼ ሳደርቀው የአንዱ ቪዛ ማኅተም በፊት ለፊቱ ገጽ ላይ ተገልብጦ ታትሞ አገኘሁት። የሚያስፈልገኝን ሁሉ ይዤ ወጥቻለሁ ብዬ ስኮራ የነበርኩ ሰው፣ ዕቃው በሚያስፈልገኝ ሰዓት የት እንደሚሆን አንድ ጊዜም እንዳላሰብኩ የገባኝ ያን ማታ ነው።

ከዚያ ወዲህ በሐሩር ክልል ሁለት ተመሳሳይ ጉዞዎች አድርጌያለሁ፤ በሁለተኛው አብዛኛውን ስሕተቴን አርሜ፣ በሦስተኛው ደግሞ የቀረውን። ስፖርተኛ አይደለሁም፤ በቀን ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር የምነዳ፣ ዳገት ላይ ሁልጊዜ ከመጨረሻዎቹ ጋር የምገኝ መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ የምጽፈው ለእንደኔ ያለው፣ ቦታ አስይዞ ሲያበቃ ባዶ ሻንጣ ፊት ቆሞ ከየት ልጀምር ለሚል ተጓዥ ነው።

በአስጎብኚ የሚመራ የብስክሌት ጉዞ ብቻን ከሚደረገው የሚለየው ሸክሙን መኪና ስለሚይዝልዎት ነው። ይህ ትልቅ ምቾት ነው፤ የሚያዘናጋውም ይኸው ምቾት ነው። ዕቃዎ በሦስት ቦታ እንደሚከፋፈል አስቀድመው ይወቁ፦ አንደኛው በሰውነትዎና በብስክሌቱ ላይ ያለው፣ ሁለተኛው በመንገድ ዳር ዕረፍት ላይ የሚያገኙት አነስተኛ የቀን ቦርሳ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጧት ካስረከቡት በኋላ ማታ ካልሆነ የማያዩት ትልቁ ሻንጣ ነው። አሁን አሁን ሻንጣ ሳዘጋጅ ወለሉ ላይ ሦስት አንሶላ ዘርግቼ እያንዳንዱን ዕቃ ከእነዚህ በአንዱ ላይ አስቀምጣለሁ፤ የት እንደማስቀምጠው ያልወሰንኩለት ዕቃ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የማያስፈልገኝ ሆኖ አገኘዋለሁ። ይህን ከማድረግዎ በፊት ግን አዘጋጁን ጥቂት ነገሮች መጠየቅ አለብዎት፦ አጃቢው መኪና ከተጓዦቹ ኋላ ይከተላል ወይስ ቀድሞ ይሄዳል? ሻንጣው የሚጫነው ውስጥ ነው ወይስ ጣሪያ ላይ? ጣሪያ ላይ ከሆነ ሸራ ይለብሳል? ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ክብደት ስንት ኪሎ ነው? እኔ ሦስተኛ ጉዞዬ ላይ ሁለት መኪና እንዳለ፣ አንደኛው ሻንጣውን ይዞ በቀጥታ ወደ ማደሪያው እንደሚሄድ፣ ሁለተኛው ግን ሙሉ ቀን ከኋላችን እንደማይለይ በመጠየቄ ብቻ ነው ያወቅኩት፤ በዚህም የዝግጅቴ ግማሽ ተለወጠ።

ሐሩር ክልል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሙቀቱን ነው። እኔን ያሸነፈኝ ግን እርጥበቱ ነው። ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዘው ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ነው፤ አየሩ አስቀድሞ በእርጥበት የተሞላ ከሆነ ግን ላቡ መትነኑ ይቀርና መንጠባጠብ ይጀምራል፤ ሰውየው ይረጥባል እንጂ አይቀዘቅዝም። ልብስም ዕጣው ይኸው ነው። በደረቅ አየር ማታ የታጠበ ማልያ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ይደርቃል፤ በእርጥብ አየር ግን ጧት ስትነኩት ማታ እንደሰቀላችሁት ነው። ይህን አንድ ነገር አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ቀጥሎ የምተርከው ባልደረሰብኝ።

ሁለት ባለስፖንጅ የብስክሌት ቁምጣ ይዤ ሄድኩ፤ አንዱን ስለብስ ሌላውን አጥባለሁ የሚል ሒሳብ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጧት የታጠበው ቁምጣ ስፖንጁ ውኃ እንደያዘ ነበር፤ ሰውነቴ ላይ ይደርቃል ብዬ ለበስኩት። በአራተኛው ቀን ጭኔ ከመቀመጫዬ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ቀልቶ ተላጠ፤ በአምስተኛው ቀን ደግሞ ቁስሉ ላይ እንደ እባጭ ያለ ነገር ወጥቶ ኮርቻው ላይ መቀመጥ አቃተኝ። አስጎብኚያችን ቁርስ ላይ ሌሎች እንዳይሰሙ ጎንበስ ብሎ፣ ከቁምጣው ሥር የውስጥ ሱሪ እንደምለብስ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ሌላ ምንም አላለም፤ ብስክሌቴን አንስቶ መኪናው ጀርባ ላይ አሰረው። ሁለት ቀን ሙሉ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጬ፣ ጓደኞቼ የሩዝ ማሳ ዳር ዳሩን ሲያልፉ በመስታወት አየኋቸው።

ባለስፖንጅ ቁምጣ የሚለበሰው ቆዳ ላይ በቀጥታ ነው፤ ስፖንጁ የተሠራው በሚጫነው ቦታ ላይ ስፌት እንዳይኖር ተብሎ ነው። የውስጥ ሱሪ ሲጨመርበት ግን ስፌቱ በእያንዳንዱ የፔዳል ዙር ቆዳውን ይፈገፍጋል፤ ጥጡም ላቡን ይዞ ያስቀራል። ዛሬ ከሳምንት ለሚበልጥ ጉዞ አራት ቁምጣ እይዛለሁ፤ ሦስት ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከሌላ ከማንኛውም ልብስ ላይ ቀንሼ አራተኛውን እጨምራለሁ። አንዱ ሰውነት ላይ፣ አንዱ ደርቆ የተቀመጠ፣ ሁለቱ በመድረቅ ላይ ይሆናሉ። አንድ ጊዜ ለብሶ ሳያጥቡ መድገም በዚህ አየር ውስጥ ቁስልን መጥራት ነው።

ማድረቁንም በተመለከተ አንዲት አብራን የተጓዘች ሴት ያሳየችኝን ዘዴ ላካፍል። ቁምጣው በሳሙና ታጥቦ በእጅ ከተጨመቀ በኋላ ደረቅ ፎጣ ወለል ላይ ይዘረጋል፤ ቁምጣው ተገልብጦ፣ ማለትም ስፖንጁ ወደ ውጭ ሆኖ፣ ፎጣው ላይ ይነጠፋል፤ ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ እንደ ሰሌን ይጠቀለሉና በባዶ እግር ተረከዝ ከዳር እስከ ዳር ይረገጣሉ። ሲፈታ ፎጣው ከብዶ፣ ቁምጣው ግን ወዝ ብቻ ይዞ ይገኛል። ማራገቢያ ሥር ከተሰቀለ ጧት ይደርሳል። ማደሪያ ቤቶች የሚሰጡት ፎጣ ሁልጊዜ ስለማይበቃ ለዚሁ ብቻ የሚሆን ቀጭን ፎጣ፣ ጥቂት የልብስ መቆንጠጫና ሦስት ሜትር ያህል ገመድ በትልቁ ሻንጣ ውስጥ አይጠፋብኝም።

ከቁምጣው ጋር አብሮ የሚሄደው የመፋተግ መከላከያ ክሬም ነው፤ ጧት ለመንገድ ሳይነሡ፣ ጭንና መቀመጫ የሚገናኙበት ላይ በደንብ ይቀባል። ቆዳው መቅላት ሲጀምር ደግሞ ለሕፃናት የሚቀባው ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ክሬም ለሊቱን ብዙ ይጠግነዋል። ማደሪያ እንደደረሱ ገላ ከመታጠብ በፊት ለወሬ መቀመጥ አይገባም፤ እርጥብ ቁምጣ ለብሶ የሚያሳልፉት ያ ግማሽ ሰዓት ነው ጉዳቱን የሚያመጣው። በትከሻ ላይ የሚያዝ ማንገቻ ያለውን ቁምጣ የሚወዱ ብዙ ናቸው፤ ምቾቱን አልክድም። ሆኖም ሆድ በተረበሸበት ቀን፣ ጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ ላብ ያጣበቀውን ማልያ አውልቆ ማንገቻውን እስኪያወርዱ ድረስ ያለው ጊዜ እጅግ ረጅም ነው፤ በሐሩር ክልል ጉዞ ደግሞ እንዲህ ያለ ቀን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመጣ አይቀርም።

ስለ ማልያ ብዙ አልልም። ሦስት ይበቃሉ፤ ቀለማቸው ፈዘዝ ያለ፣ ጨርቃቸው ስስና ሰው ሠራሽ ቢሆን ይመረጣል፤ ከሦስቱም ቢያንስ ሁለቱ እጅጌ ረጅም ይሁኑ። እጅጌ ረጅም ልብስ በሙቀት ውስጥ ግራ የሚያጋባ ምክር ይመስላል፤ ነገር ግን ስስ እጅጌ እንደ ክሬም በላብ አይታጠብም፤ በየሁለት ሰዓቱም መደገም አያስፈልገውም። የጥጥ ልብስ ለማታ ብቻ ነው። ጂንስ ሱሪ እቤት ይቅር፤ አንድ ጊዜ ከራሰ ጉዞው እስኪያልቅ አይደርቅም።

አዘጋጁ ብስክሌት የሚያከራይ ከሆነ፣ ሰውነትዎ ከብስክሌቱ ጋር የሚገናኝባቸውን ነገሮች ከራስዎ ቢወስዱ ይሻላል። እኔ ኮርቻዬንና ፔዳሎቼን ይዤ እሄዳለሁ። ሁለቱ ተደምረው ከአንድ ጥንድ ጫማ የማይበልጥ ክብደት ሲኖራቸው የሚሰጡት ጥቅም ግን አሥር ቀን ሙሉ የሚቆይ ነው፤ ሰውነት ለወራት የለመደውን ኮርቻ በማያውቀው መለወጥ፣ ያውም በዚያ ላብና ሙቀት፣ አይመከርም። ለኮርቻው አብዛኛውን ጊዜ ባለ 5 ወይም ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ (ባለስድስት ጎን ቁልፍ)፣ ለፔዳሎቹ ደግሞ ባለ 15 ሚሊ ሜትር መፍቻ ወይም ባለ 6 ወይም ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ ይበቃል፤ እነዚህ አስጎብኚው ዘንድ ስለማይጠፉ መፍቻ ተሸክሞ መሄድ አያስፈልግም። የግራው ፔዳል ጥርስ ከተለመደው በተቃራኒ የሚዞር መሆኑን ግን ልብ ይበሉ፤ እኔ ይህን ዘንግቼ ስታገል ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክንድ ላበላሽ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። አሁን ፔዳሎቹ ላይ በማይለቅ ቀለም «ግ» እና «ቀ» ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። ከቤት ከመውጣትዎ በፊትም የራስዎን ብስክሌት የኮርቻ ከፍታ፣ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት እምብርት መካከል እስከ ኮርቻው አናት ድረስ በሴንቲ ሜትር ለክተው ስልክዎ ላይ ይመዝግቡት። በመጀመሪያው ጧት ሁሉም ሰው ብስክሌቱን ለማስተካከል ሲሻማ፣ የእርስዎ በሁለት ደቂቃ ያልቃል።

ሄልሜትም የራስ ቢሆን ይመረጣል፤ ልኩ የታወቀ ነው፣ የሌላ ሰው ላብም የለበትም። እዚህ ላይ አንድ የራሴን ገጠመኝ ሳልጠቅስ አላልፍም። ፀጉሬን በምላጭ የምላጭ ሰው ነኝ፤ በመጀመሪያው ጉዞ በሦስተኛው ቀን መስታወት ፊት ስቆም አናቴ ላይ በሄልሜቱ የአየር ቀዳዳዎች ልክ የወጡ ቀያይ መስመሮች አየሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ እንደ ሜዳ አህያ ሆኜ ሰነበትኩ። ከሄልሜቱ ሥር የሚደረግ ስስ ኮፍያ ይህን ይከላከላል፤ በተጨማሪም ከግንባር የሚወርደውን ላብና ክሬም ዓይን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይመጥጠዋል።

የፀሐይ መከላከያ ክሬምና የትንኝ መከላከያ ቅባት የሚቀመጡት የቀን ቦርሳ ውስጥ ነው፤ በትንንሽ ዕቃ የተቀዳው ደግሞ ማልያ ኪስ ውስጥ። ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙ መለኪያ) 30 የተጻፈበት ክሬም ፀሐይ ቆዳን የሚያቃጥልበትን ጨረር 97 በመቶ ያህል፣ 50 የተጻፈበት ደግሞ 98 በመቶ ያህል ይከለክላል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ከማሳደድ ይልቅ በበቂ መጠን መቀባቱና በየሁለት ሰዓቱ መድገሙ ዋጋ አለው። ለአንድ ትልቅ ሰው ገላ በሙሉ ለአንድ ጊዜ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልጋል፤ እጅጌ ረጅም የለበሰ ሰው ከዚህ ብዙ ይቀንስለታል። የሚረሱት ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ የጆሮ ጫፍ፣ ማጅራት፣ ከጉልበት ኋላ ያለው እጥፋት፣ መሪ የጨበጠ እጅ ጀርባ። ፀሐዩን የሚከላከለው በመጀመሪያ ይቀባል፤ ቆዳው ከመጠጠው በኋላ የትንኙ ይከተላል።

ዲት የሚባለው መከላከያ በትንኝ ላይ የታወቀ ውጤት አለው፤ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሆነው ለአብዛኛው ጉዞ ይበቃል። ነገር ግን ፕላስቲክና የሚለጠጥ ጨርቅ ያበላሻል፤ የብስክሌት ልብስ ደግሞ የተሠራው ከዚሁ ከሚለጠጥ ጨርቅ ነው። ይህን ያወቅኩት እጄን ሳልታጠብ መነጽሬን አንስቼ ካደረግኩ በኋላ ነው፤ ምሳ ላይ ሳወልቀው ጣቴ ያረፈበት የፍሬሙ ክፍል ለስልሶ የጣቴን አሻራ ይዞ ነበር፤ ዛሬም አሻራው እዚያው አለ። ፒካሪዲን የተባለው ሌላው መከላከያ በ20 በመቶ ጥንካሬ ተመጣጣኝ ሥራ ሲሠራ ፕላስቲክን አይነካም፤ ለብስክሌተኛ የምመርጠው እሱን ነው። የወባ ትንኝ በዋናነት የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ሲሆን ዴንጊ የተባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ግን ቀን ትናከሳለች፤ ስለዚህ ማታ ብቻ መቀባት አይበቃም። ለማታ ልብስና ካልሲ ፐርሜትሪን የተባለውን ከቤት ሳሉ ረጭቶ ማድረቅ ይቻላል፤ እሱ ለጨርቅ እንጂ ለቆዳ አይሆንም።

ውኃ አስጎብኚው ያቀርባል፤ እርስዎ የሚያስቡት ስለ ዕቃውና ስለ ጨዉ ነው። እያንዳንዳቸው 750 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሁለት ኮዳዎች ያስፈልጋሉ፤ የሚጠጣበት አፍ ላይ ክዳን ያላቸውን ይምረጡ፤ ምክንያቱም በዝናብ ቀን የፊት ጎማ የሚረጨው ጭቃና ፍግ የሚያርፈው በቀጥታ እሱ ላይ ነው። እንዲህ ባለ አየር በሰዓት አንድ ሊትር ላብ ማፍሰስ የተለመደ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ከዚያም ያልፋል። ላቡ ጨው ይዞ ስለሚወጣ ንጹሕ ውኃ ብቻ ያለልክ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም አሳንሶ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መደናገር ያመጣል፤ ሰው የውኃ ጥም ነው ብሎ ሲጨምር ይባባሳል። በቀን ሁለት ከረጢት ሒሳብ ኦአርኤስ (የወጣውን ውኃና ጨው የሚተካ፣ በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት) እይዛለሁ። አንዱ ከረጢት በአብዛኛው ለአንድ ሊትር ውኃ የተመጠነ ስለሆነ 750 ሚሊ ሊትር ኮዳ ውስጥ ሙሉውን መጨመር ስሕተት ነው፤ እኔ ዕረፍት ላይ በሊትር ጠርሙስ በጥብጬ ለሁለቱ ኮዳ አከፋፍለዋለሁ።

መድኃኒትን በሚመለከት ከጉዞው ስድስት ሳምንት ያህል ቀድሞ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል፤ የአንዳንዱ ክትባት ሥራ የሚጀምረው ዘግይቶ ነው። ለምሳሌ የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ለወባ መከላከያ ዶክሲሳይክሊን የሚታዘዝልዎት ከሆነ፣ ይህ መድኃኒት ቆዳን ለፀሐይ ተጋላጭ ስለሚያደርግ ለሐኪምዎ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ እንደሚነዱ በመንገር ሌላ አማራጭ መኖሩን ይጠይቁ። አብሮን የነበረ አንድ ሰው ይህን ሳይናገር ወስዶ በሁለተኛው ቀን የእጆቹ ጀርባ ውኃ ቋጠረ፤ የቀረውን ጉዞ በክረምት ጓንት ነዳ። ትኩሳት ቢይዝዎት የሚወስዱት ፓራሲታሞል ይሁን፤ በሽታው ዴንጊ ከሆነ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም የመፍሰስን አደጋ ይጨምራሉ፤ ከዚያም ሳይዘገዩ መመርመር ነው። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት በነበረበት ማሸጊያ ሆኖ ከእጅ ቦርሳ አይለይ። የጉዞ መድን ውልዎም ብስክሌት መንዳትን በግልጽ የሚጨምር መሆኑን አንብበው ያረጋግጡ።

አሁን ወደዚያ ጃኬት ልመለስ። ላብ ያስወጣል፣ ውኃ አያስገባም የተባለ ውድ ጃኬት በደረቅና በቀዝቃዛ አገር ሥራውን ይሠራል፤ ውጭው ሞቃትና በእርጥበት የተሞላ ሲሆን ግን እንፋሎቱ የሚወጣበት አቅጣጫ ስለሚያጣ ሰውየው ከውስጥ ይርሳል። በቆላ፣ 28 ዲግሪ ላይ የሚወርድ ዝናብ ሞቅ ያለ ስለሆነ መርጠብ ብዙም አይጎዳም፤ ጃኬቱ የሚያስፈልገው ለቁልቁለት ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ የተራራ መተላለፊያ ላይ በላብ ርሶ የደረሰ ሰው በነፋስ ፊት ሲወርድ ይንቀጠቀጣል፤ ፍሬን የሚይዙ ጣቶችም ይደነዝዛሉ። ስለዚህ አሁን የምይዘው ተጠቅልሎ ጡጫ የሚያክል ስስ የነፋስ ጃኬት ሲሆን፣ ቦታውም የማልያዬ መካከለኛ ኪስ ነው። ከባዱ የዝናብ ጃኬት ከነጭራሹ ከዝርዝሩ ወጥቷል።

ጫማ ሁለት ይበቃል፤ አንዱ የሚነዱበት፣ ሌላው ክፍት ጫማ። የሚነዱበት ጫማ ሲርስ የውስጥ ንጣፉ ወጥቶ በጋዜጣ ይሞላል፤ ጋዜጣው ከሁለት ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ከተቀየረ ጫማው ጧት ለመንዳት ይደርሳል። ከብስክሌቱ ኋላ የምትታሰር ትንሽ ቀይ መብራትም አትርሱ፤ በሐሩር ክልል ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከጧቱና ከማታው 12 ሰዓት ብዙ ሳትርቅ ትወጣለች፣ ትጠልቃለች፤ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ፋታ አይሰጥም፤ የከሰዓቱ ደመናም ከዚያ በፊት ያጨልመዋል።

ስልክ ማልያ ኪስ ውስጥ ሲሆን ላቡ ወደ ቻርጅ ቀዳዳው ይገባል፤ ማታ ሽቦውን ስሰካ ስልኬ እርጥበት አለ ብሎ አልቀበልም ያለኝ ጊዜ ከአንድ አይበልጥም አልልም። ባለዚፕ ፕላስቲክ ከረጢት፣ ውስጡም ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘው እርጥበት መጣጭ ጥራጥሬ ያለባት ትንሽ ጥቅል፣ ለዚህ መፍትሔ ነው። ፓስፖርቱ ኪስ ውስጥ መዞሩ ቀርቷል፤ በሁለት ከረጢት ታሽጎ የቀን ቦርሳዬ ውስጥ ነው የሚውለው፤ እኔ ጋ ያለው ቅጂው ብቻ ነው። ፓወር ባንክ በአውሮፕላን የሚጓጓዘው በእጅ ቦርሳ ብቻ ነው፤ ያለልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ሲሆን፣ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈበት 74 ዋት ሰዓት ያህል ስለሆነ ያልፋል። ካሜራ የሚይዝ ሰው ደግሞ ከቀዘቀዘ ክፍል ወደ ውጭ ሲያወጣው ሌንሱ ወዲያው በጤዛ እንደሚሸፈን ይወቅ፤ ቦርሳው እንደተዘጋ ሩብ ሰዓት ውጭ ማቆየት ነው።

ልብሴን በቀን ሳይሆን በዓይነት ከፋፍዬ ውኃ በማያስገባ ከረጢት አሽገዋለሁ፤ የረጠበና የቆሸሸው ከደረቁ ጋር እንዳይቀላቀል አንድ ከረጢት ባዶውን ይሄዳል። የጎማ መጠገኛ፣ መንፊያና መፍቻ አስጎብኚው ስለሚይዝ አልሸከምም፤ መለዋወጫ የውስጥ ጎማ መያዝ የሚፈልግ ሰው ግን የሚከራየው ብስክሌት ጎማ ስፋትና የመንፊያ አፉ ዓይነት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ እኔ አንድ ጊዜ ሁለት ወስጄ ሁለቱም አልገቡም።

ሻንጣው ከመታሰሩ በፊት አንድ ልምምድ አደርጋለሁ። ለጉዞ ያሰብኩትን ልብስ በሙሉ ለብሼ፣ ኪሶቼን እንደማስበው ሞልቼ፣ ገላ መታጠቢያው ሥር ቆሜ እረጥባለሁ፤ ከዚያ በዚያው ልብስ ለአንድ ሰዓት ያህል እነዳለሁ። ለሦስተኛው ጉዞ ስዘጋጅ የአዲሱ ቁምጣዬ ግራ እግር ላይ ያለው ላስቲክ ሲረጥብ ወደ ላይ እንደሚንከባለልና ጭኔን እንደሚልጥ ያወቅኩት በዚህ መንገድ ነው። ቁምጣው እቤት ቀረ፤ በምትኩ የገባው አሮጌው ሲሆን፣ በዚያ ጉዞ አሥሩንም ቀን መኪናው ውስጥ ሳልገባ ነዳሁ።